ሥራን ለቆ ወደ ሩቅ አገር ስለ መጓዝና ስለ ስንቁ

ትዳር ይዞ ልጅ የወለደ ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሥራ በገዛ ፈቃዱ ትቶ በረሃና ተራራ ለማየት ልሂድ ቢል፥ ከመካከላችን አንዳንዱ አበደ ይለዋል፥ ሌላውም ጀግና ነው ብሎ ያመሰግነዋል። ሁለቱም ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተፈረደ የችኰላ ፍርድ ነው። እኛ ግን ነገሩ በገዛ ቤታችን ስለ ደረሰ በደኅና ልንመረምረው ተገደድን፤ ያገኘነውንም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልናካፍል ወደድን።

የወንድማችን ልጅ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ስምንት ዓመት ያህል በሒሳብ ሥራ የተቀመጠ፥ የሁለት ልጆችም አባት ነው። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ብቻውን ወደ ቤታችን መጣና ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ብዙ ዘመን የኖሩ ነዎትና ቃሉን ያርሙልኝ» አለን። ብናነበው የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋራ በሞያሌ ድንበሩን ተሻግሮ፥ የኬንያን ሰሜናዊ በረሃ በእግሩ አቋርጦ፥ በታንዛንያ ያለውንና ከፍታው 5,895 ሜትር የሆነውን የኪሊማንጃሮን ተራራ ለመውጣት መቍረጡን ነገረን።

«መቼ ነው የምትነሣው?» አልነው።

«ማመልከቻው እንደ ገባልኝ» አለ።

«ሚስትህስ ምን አለች?» ብንለው ዝም አለ።

በወረቀቱ ላይ የሚታረም ቃል አልነበረም፤ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። የጐደለው ከወረቀቱ ውጭ ነበረ። ስለዚህ ብዕራችንን አስቀምጠን የአንድ መንገደኛ ታሪክ ነገርነው። የታሪኩን ዓመቶች እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋቸዋለን።

ፍሪትዮፍ ናንሰን የሚባለው የኖርዌይ ሰው በ1861 ተወለደ። በ1882 የባሕር እንስሳ በምታድን መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሲሄድ፥ መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ ሳለች የግሪንላንድን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሩቅ ተመለከተ። ግሪንላንድ ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ስትሆን፥ አብዛኛው መሬቷ በወፍራም በረዶ የተሸፈነ ነው። በዚያ ዘመን ውስጧን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ሰው አልነበረም። ናንሰን በዚያው ዓመት በበርገን ከተማ ባለው ሙዚየም ተቀጥሮ የእንስሳትን አካል በመመርመር ሥራ ተቀመጠ። ያቺ የበረዶ አገር ግን ከልቡ አልወጣችም። በ1883 በእግር የሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ እንጨት ይዞ ሊያቋርጣት አሰበ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ሐሳቡ በ1883 ተፀነሰ፤ ጕዞው የተጀመረው በ1888 ነው። በመካከሉ 5 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ናንሰን ሥራውን አላቃለለም፤ ስለ ነርቭ ሥሮች የጻፈውን የምርምር መጽሐፍ ፈጽሞ፥ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለዶክተርነት ማዕርግ በመምህራን ፊት ቆሞ ተከራከረለት። ከሥራው የተለየው የጀመረውን ጨርሶ ነው።

ለወጪው 5,000 ክሮነር እንዲሰጠው ቢጠየቅለት የአገሩ መንግሥት እንቢ አለ። ገንዘቡን የሰጠው አውጉስቲን ጋሜል የሚባል የኮፐንሀገን ነጋዴ ነው። በበርገንም አንድ ጋዜጣ ተሳለቀበት፤ ለመመለሻ ቲኬት መግዛት አያስፈልግም የሚል ቀልድ ጻፈ። ናንሰን ግን ለቀልዱ መልስ ከመስጠት ይልቅ ዕቃውን ማዘጋጀት መረጠ። ያለ መንኰራኵር በበረዶ ላይ የሚሳበውን የዕቃ መጫኛ ቀላልና ጠንካራ እንዲሆን ራሱ አስቦ አሠራው፤ በረዶ የሚያቀልጥ ምድጃም አዘጋጀ። ስድስቱ መንገደኞች በሁለት የአጋዘን ቈዳ ከረጢት፥ ሦስት ሦስት ሆነው እንዲተኙ አደረገ፤ አንዱ የሌላውን ሙቀት እንዲካፈል ነው።

ይህም ሁሉ ጥንቃቄ ሆኖ አንድ ነገር አመለጠው። ከስንቃቸው ዋነኛው ፔሚካን የሚባለው ምግብ ነበረ፤ ይኸውም ደርቆ ከተወቀጠ ሥጋ ጋራ ስብ ተለውሶ የሚሠራ ነው። የመጣላቸው ግን ስቡ የወጣለት ደረቅ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት ሳምንታት ሙሉ የስብ ረኀብ አንገላታቸው። የእኛ እናቶች ለዘመቻ ስንቅ ሲያዘጋጁ በሶውን በቅቤ ለውሰው ጩኮ ያደረጉት በከንቱ አልነበረም። ናንሰንም በእናቶቻችን ጓዳ ቢያልፍ ኖሮ በዚህ ነገር ባልተሳሳተ ነበር።

ሁለተኛውም መከራ ጥም ነው። በበረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ውሃ ይጠማዋል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን በረዶውን የሚያቀልጡበት ማገዶ በልክ ስለ ነበረ፥ ከመኝታና ከመነሻ ሰዓት በቀር ውሃ አያገኙም ነበር፤ በቀን በረዶ በቆርቆሮ ዕቃ ሞልተው በደረታቸው ሙቀት ያቀልጡ ነበር። «እነሆ» አልነው የወንድማችንን ልጅ፥ «እነዚያ በበረዶ መካከል ከተጠሙ፥ አንተ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ባለው 250 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ፥ በዲዳ ገልገሉ በረሃ ውሃህን ከየት ትቀዳለህ?» መልስ አልነበረውም።

ናንሰን የሄደበት ብልሐት በዘመኑ ሰዎችን ያስደነገጠ ነበር። ሰው እምብዛም ከማይገኝበት ከምሥራቁ ዳርቻ ተነሥቶ ሰው ወዳለበት ወደ ምዕራቡ እንዲሄድ ቈረጠ። ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው የሚጠብቀው ቤትም መርከብም የለምና ወደ ፊት ከመሄድ በቀር ምርጫ አይኖርም። ይህን ስንነግረው የወንድማችን ልጅ ፊቱ በራና «እኔም የፈለግሁት ይህን ነው፤ ሥራዬን የምለቀው መመለሻ እንዳይኖረኝ ነው» አለ።

እኛም እንዲህ ብለን መለስንለት። ናንሰን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት፥ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነበረ። ከስድስቱ መንገደኞች መካከል ግን ኦሌ ኒልሰን ራቭና የሚባል፥ ከሳሚ ሕዝብ ወገን የሆነ የአጋዘን እረኛ ነበረ። እርሱ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፥ ሚስትና አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ለናንሰን የተዘጋው የመመለሻ በር ለራቭናም ተዘጋበት፤ ከራቭና በር በስተጀርባ ግን ስድስት ነፍስ ነበረ።

በሐምሌ 1888 ከመርከብ ወርደው በሁለት ጀልባ ወደ ምድር ሲቀዝፉ፥ ተንሳፋፊው በረዶ ይዞ ለ12 ቀን ያህል ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። በነሐሴ ወደ በረዶው አምባ ወጡ፤ ከባሕር በላይ እስከ 2,719 ሜትር ደረሱ፤ ሌሊቱም ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ነበረ። በእኛ አቈጣጠር መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ናንሰንና ኦቶ ስቨርድሩፕ ቀድመው ዛሬ ኑክ በምትባለው ከተማ ደረሱ። ነገር ግን ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው መርከብ ከከተማዪቱ ሄዶ ነበር። በሩቅ ወደብ ለቆመ አንድ መርከብ መልእክተኛ ቢልኩ፥ መርከቡ ደብዳቤ ይዞ ሄደ እንጂ ሰዎቹን ሊጠብቅ አልቻለም። ከደብዳቤዎቹ አንዱ ስቨርድሩፕ ለአባቱ የጻፈው ነው። ስድስቱም ክረምቱን በዚያ ከርመው በግንቦት 1889 ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሕዝቡም በታላቅ ክብር ተቀበላቸው።

ስለ ክብሩ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ያን ክረምት ሁሉ የራቭና ሚስት በቤቷ ምን ስታስብ እንደ ከረመች እንጠይቃለን። ሂያጁ ብርዱን ያየዋልና ይታገለዋል፤ ቀሪዪቱ ግን የማታየውን ብርድ ትፈራለች። ስለዚህ ከናንሰን የመመለሻውን መዝጋት ሳይሆን የ5 ዓመቱን ዝግጅት ውረስ፤ በዝግጅቱም መጀመሪያ ሚስትህን አስገባ አልነው። ሥራ መልቀቅ የአንድ ወረቀት ጕዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ በእኛ አቈጣጠር፥ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊሰናበት ይችላል፤ የሥራ ምስክር ወረቀቱንም ሊቀበል ይገባዋል። ሕጉ የሚጠይቀው 30 ቀን ነው፤ ቤት ግን ከዚያ የበለጠ ይጠይቃል።

ወረቀቱን እኛ ዘንድ ትቶ ሄደ። እንደ ተቀየመን አስበን ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሚስቱን አስከትሎ መጣ፤ እርሷም በእጇ ደብተር ይዛ ነበር። «ጋሼ» አለችን፥ «መሄዱን አልጠላሁም። የጠላሁት ከሰው አፍ ልሰማው መሆኑን ነው።» ደብተሩን ብናየው የቤት ኪራዩንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የእህሉንም ዋጋ ለጕዞው ዘመንና ከዚያም በላይ ለሦስት ወር አስልታ ጽፋለች። የትም ቢደርስ የሚመለስበትን የመጨረሻ ቀንም ለይታ ከሥሩ አስምራበታለች። መነሻውን ግን በአንድ ዓመት አራዘመችው።

ከዚያ ወዲህ የወንድማችን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የሞላ ከረጢት ተሸክሞ ወደ እንጦጦ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ጫማ ተረከዙን ላጠው፤ እያነከሰ ተመለሰ። ልጆቹ ሳቁበት፤ እኛ ግን ደስ አለን፤ በዲዳ ገልገሉ ከመላጥ በእንጦጦ መላጥ ይሻላልና። ሐኪምም ጠይቆ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድርበትን ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር አብልጦ መጨመር እንደማይገባው፥ በየሦስት ወይም በየአራት ቀንም ማረፍ እንዳለበት ተማረ። ሚስቱም ጩኮውን ሠርታ እርሱ በመንገድ እየበላ እንዲፈትነው ታስይዘዋለች።

የመልቀቂያው ወረቀት ዛሬም በመሳቢያችን ውስጥ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ቀኑ ብቻ አልተጻፈበትም። ምናልባት ዓመቱ ሲደርስ ይሄድ ይሆናል፥ ምናልባትም ይቀር ይሆናል። ቢሄድ ቤተ ሰቡ ሁሉ መርቆ የሚሸኘው መንገደኛ ይሆናል፤ ቢቀርም አስቦ የቀረ ሰው ነውና አያፍርም።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ሆይ፥ ከልጆቻችሁ ወይም ከወንድሞቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢመጣ አትሳቁበት፥ ወዲያውም አታጨብጭቡለት። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ስንቁን ማን እንዳዘጋጀለትና በቤት የምትቀረው ምን እንዳለች አስቀድማችሁ ጠይቁት።