ባንኬ ለምን «አላውቅሽም» አለኝ?

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ሲዘጉ ብዙዎቻችን ቪፒኤን የሚባለውን ነገር ለመድን። ውጭ ያለችው ልጄ የልጅ ልጄን ፎቶ የምትልክልኝ በቴሌግራም ስለሆነ፣ እኔም የጎረቤቴን ልጅ አስጫንኩት። አንዴ ከከፈትኩት በኋላ ግን መዝጋቱን ረሳሁት።

አንድ ቅዳሜ ማታ ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ኢንሱሊኗ አልቋል፤ መግዣ ብርም አጥሯታል። «አሁኑኑ እልክልሻለሁ» ብዬ የባንኬን አፕ ስከፍት አልገባ አለኝ። የይለፍ ቃሉን የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ በመጨረሻ ተቆለፈ። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው ምን እንደሚሆን በነርስነት ዘመኔ አይቻለሁና እጄ ተንቀጠቀጠ። ደግነቱ ጎረቤቴ ከራሷ ሂሳብ ላከችልኝ።

ልጇ ስልኬን አየት አደረገና፣ «ሲስተር፣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ለባንኩ ግን ከአውሮፓ የገቡ ነው የሚመስለው» አለኝ። ቪፒኤን ከስልካችን የሚወጣውን ሁሉ ጠቅልሎ መጀመሪያ ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜም ወደ ውጭ አገር ይወስደዋል። ባንኩ የባዕድ አገር አድራሻ ሲያይ ሌባ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

«ታዲያ በየሰዓቱ ልክፈት ልዝጋ?» አልኩት።

«የለም፣ መንገዱን መለየት ይቻላል።»

በቪፒኤኑ ማስተካከያ ውስጥ «ስፕሊት ተነሊንግ» የሚል ቦታ ከፈተ። የአፖቹ ዝርዝር መጣ። ቴሌግራም በቪፒኤን እንዲሄድ፣ ባንኩና ሌላው ሁሉ በቀጥታ እንዲሄዱ አደረገው። ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ ዋርድ ውስጥም ለይተን የምናስተኛው ማግለል የሚያስፈልገውን በሽተኛ እንጂ ሁሉንም አይደለም።

ምልክት ስታደርጉ ግን ጽሑፉን አንብቡ። በአንዳንዱ ቪፒኤን የምትመርጡት በውስጡ የሚያልፈውን አፕ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከእሱ ውጭ የሚቀረውን። ይህ ምርጫ በአንድሮይድ ስልኮች የተለመደ ነው። በአይፎን ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ባንክ ከመክፈታችሁ በፊት ቪፒኤኑን ዝጉ።

መለየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ቪፒኤን ከቴሌ የሚሸፍነውን፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደምንጎበኝ፣ የቪፒኤኑ ባለቤት ሊያይ ይችላል። በነጻ ከሚሰጡት መካከል የተጠቃሚውን መረጃ ሸጠው የሚተዳደሩ አሉ። ስለዚህ የማያስፈልገውን ሁሉ በእነሱ በኩል አታሳልፉ። ቪፒኤን ዳታም ጥቂት ይጨምራል፤ መለየቱ ጥቅላችሁን ይቆጥብላችኋል።

እገዳው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ተነሣ፤ ትምህርቱ ግን ቀርቶልኛል። አፑ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ቪፒኤኑን ተመልከቱ፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግማችሁ አትሞክሩ። የባንካችሁንም አጭር ቁጥር ያዙ። እሱ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ቪፒኤን አይነካውም። ያን ማታ ከማስቆለፌ በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ፣ የእህቴን መድኃኒት ብር እኔው በላክሁላት ነበር።