ሰማዩን ለአንዱ፣ ከተማውን ለሌላው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የሠርግ አጀብ ሐረጎ ላይ ቆሞ ቪዲዮ ቢያስቀርጽ፣ በምስሉ ላይኛው ግማሽ ሰማይ፣ በታችኛው የቦርከና ሸለቆና የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ይገባል። ካሜራው 4ኬ ከሆነ አንዱ ምስል ብቻ 3,840 በ2,160፣ ማለትም 8,294,400 ፒክስል አለው። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን ደግሞ ኮምፒውተሩን በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ207 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ይጠብቀዋል። የስቱዲዮ ሰዎች «ሬንደር ላይ ነው» ብለው ደንበኛ የሚመልሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ አንድ ቺፕ ብቻውን ቢሸከመው ሌሊቱም አይበቃውም። ስለዚህ ሥራው ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ፣ ካለም ለሁለተኛ ካርድ ይታደላል። ማደሉ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጨርሱ ማድረግ ነው። ምስሉ የሚወጣው የመጨረሻው ቺፕ ሲጨርስ በመሆኑ፣ ቀድሞ የጨረሰው ስንት ብር የወጣበት ቢሆንም ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

የሐረጎውን ምስል መሃል ለመሃል ቆርጠን ላዩን ለአንዱ፣ ታቹን ለሌላው ካርድ እንስጥ። በስፋት እኩል ናቸው። ሥራው ምስሉን ማድመቅ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፤ ሁሉም ፒክስል የሚፈልገው አንድ ዓይነት ስሌት ነው። ቪዲዮን ማመቅ ወይም የሰው ፊት ፈልጎ ማግኘት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የሰማዩ ፒክስሎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ቶሎ ያልቃሉ፤ ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የሚንቀሳቀሰው መኪና ጊዜ ይበላሉ። ላይኛው በ4 ሚሊሰከንድ፣ ታችኛው በ12 ጨረሱ እንበል። ምስሉ የሚደርሰው በ12 ነው። ሸክሙ በልኩ ቢከፋፈል ሁለቱም በ8 ይጨርሱ ነበር።

መላ ከተፈለገለት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ትሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ሁለት ቩዱ 2 ካርዶችን አጣምሮ፣ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛውን መስመር ለአንዱ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛውን ለሌላው እንዲሰጥ አደረገ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ከሰማዩም ከከተማውም እኩል ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤንቪዲያ ሌሎች ሁለት መንገዶች ይዞ መጣ። አንደኛው ሙሉ ሙሉ ምስሎችን በፈረቃ ማደል ነው። ሁለተኛው መቁረጫውን መስመር ማንቀሳቀስ ነው፦ ካርዶቹን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ ባለፈው ምስል ማን ቀድሞ እንደጨረሰ ያይና፣ ሥራ ለቀለለው ድርሻ ይጨምርለታል። በሐረጎው ምስል መስመሩ ከአድማሱ በታች ይወርድና የሰማዩ ካርድ ከከተማውም ይቆረስለታል። እኔን ይበልጥ የሚያረካኝ ይኼኛው ነው፤ ለክቶ ያስተካክላል እንጂ በግምት አይሄድም።

ምስል መቁረጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ማደብዘዝን የመሰለ ሥራ አንዱን ፒክስል ለማስላት ዙሪያውን ያሉትን ማየት ይፈልጋል፤ ድንበር ላይ ያለው ፒክስል ጎረቤቱ ያለው ሌላው ካርድ ዘንድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቺፕ ከድርሻው በላይ ጥቂት ትርፍ መስመሮች ይሰጡታል። ይህ ካልተደረገ ያለቀው ምስል ላይ ስፌት የመሰለ ቀጭን መስመር ይታያል። መስመር በመስመር ማደል ለእንዲህ ያለው ሥራ የማይመቸውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ድንበር ይሆንበታል።

ቺፖቹ ከሁለት ሲበልጡ ወይም አንዱ አሮጌ ሌላው አዲስ ሲሆን፣ ምስሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከትፎ ወረፋ ማስያዝ ይሻላል። የጨረሰ ቺፕ ቀጣዩን ያነሳል፤ ፈጣኑ ብዙ፣ ዘገምተኛው ጥቂት ይሠራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን የመሰሉ መሣሪያዎች የሚያነሱት ሰፊ ምስልም ለዚህ ዓይነት አሠራር ይመቻል። ቁራጮቹ ግን ከልክ በላይ ካነሱ፣ ማደሉ ራሱ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሙቀትም አለ። ቺፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጠዋት እኩል የነበሩ ሁለት ካርዶች ከሰዓት በኋላ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ደሴ ብርድ ናት፤ ነገር ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ወፈር ቢልም ይሞቃል። ስለዚህ አንዴ የተደለደለ ሥራ እንደዚያው አይቆይም፤ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ለኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል፦ አንዱን ሬንደር በሁለቱ ከተሞች አስኪዶ ድልድሉ እንዴት እንደሚለዋወጥ መመዝገብ።

ካርድ መደራረብም ልክ አለው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ነገር ዛሬም ይሠራል። 100 ደቂቃ ከሚፈጀው ሥራ 20ው የማይከፋፈል ከሆነ፣ በሁለት ቺፕ 60፣ በአራት 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ በመቶ ቺፕም ቢሆን ከ20 አይወርድም።

ስለዚህ ሁለተኛ ካርድ ለማስመጣት ያሰበ የስቱዲዮ ባለቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሬንደሩ እየሄደ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ይክፈት። የግራፊክስ ካርዱን ገጽ ሲያይ አንዱን ቁጥር ብቻ አይመን፤ ቪዲዮ መፍቻውና ማመቂያው የየራሳቸው ግራፍ አላቸው። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ነክቶ የካርዱ ግራፎች በሙሉ 15 በመቶ ላይ ከተኙ፣ ሁለተኛው ካርድም አብሮ ይተኛል። መጀመሪያ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ቪዲዮውን በካርዱ እንዲፈታና እንዲያምቅ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ያብራው፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም።