የገበያ ቡና ለምን አይበቅልም?

ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ቡና ለማብቀል መጀመሪያ የሞከርኩት ከገበያ በገዛሁት ጥሬ ቡና ነበር። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ አፈር ሞላሁ፣ ዘራሁ፣ ውሃ አጠጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ብቅ አላለም። አፈሩን ጫር ጫር ሳደርገው ፍሬዎቹ በስብሰዋል። ጥፋቱ የአፈሩ አልነበረም፤ ዘሮቹ ገና ሳልዘራቸው ሞተው ነበር።

ለምን? የጤፍ ዘር ሲደርቅ «ይተኛል» ማለት እንችላለን። ውሃው ስለሚወጣ በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ሊቆም ይደርሳል፤ ስለዚህ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ቆይቶም ይበቅላል። ቡና ግን እንቅልፉ ቀላል ነው፤ ተራ ቦታ ሲቀመጥ በወራት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ታዲያ ለምን ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም? ኤሊስ፣ ሆንግ እና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት፣ የቡና ዘር እርጥበቱ 10 በመቶ ገደማ እስኪሆን መድረቅን ይችላል፤ ደርቆ ብርድ ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ ይሞታል።

ነገሩ ከእኔ ጀሪካን ያልፋል። ኖርዌይ ስቫልባርድ ያለው የዓለም የዘር ማከማቻ ዘሮችን የሚያቆየው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ቡና በዚህ መንገድ አይቆይም። ስለዚህ አገራችን በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎችን ጅማ ዞን ጮጬ በሚባል ቦታ ተክላ፣ በቁማቸው ታቆያቸዋለች። ዘጌም ብትሄዱ ቡናው ያለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ገዳማቱን በከበበው ደን ውስጥ ነው። እዚያ አንድ የቡና ተክል ሲቆረጥ «ዘሩ የሆነ ቦታ ተቀምጧል» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ተሳካ። በለቀማ ወቅት ከዘጌ ቀይ እሸት ቡና አመጣሁ። ሥጋውን ጨምቄ አወጣሁ፣ የሚያሙለጨልጨውን አጠብኩ፣ ጥላ ላይ ጥቂት ቀን አናፈስኩና ወዲያው ዘራሁ፦ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ቀጭን ግንድ ፍሬውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ብቅ አለ።

እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ተክል ይበቃል። ፍሬ ለማየት ግን ከሦስት እስከ አራት ዓመት መታገስ ነው። እናንተ መጠበቅ ትችላላችሁ፤ ዘሩ ግን አይጠብቅም።