ያለ ፈረስ ጉግስ ለሚጫወት ወጣኒ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ መራዊ የሚደርስ መንገደኛ፣ ጉዞው ጥር 23 ቀን የዋለ እንደ ሆነ፣ እንጅባራ ላይ ቆም ሳይል አያልፍም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ለዐድዋ ዘማቾችና ለተሸከሟቸው ፈረሶች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ፣ ግልቢያውን፣ ሶምሶማውንና ጉግሱን በየዓመቱ የሚያሳይበት ዕለት ነውና። ጉግስን አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደው አሳዳጁን፣ ዘንጉን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ፈረሱን የሚኮለኩለውን ነው፤ ዳሩ ግን በጥሞና የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጨዋታው ግማሽ፣ ያውም የሚከብደው ግማሽ፣ ያለው በተሳዳጁ ዘንድ ነው። እርሱ ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ፣ በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ፣ የሚወረወረውን ዘንግ በዐይኑ ጠርዝ እየጠበቀ ሲጋልብ፣ መሸሹ ነውር ሆኖ አይቆጠርበትም፤ ተራው ሲደርስ ዞሮ ያሳድዳል።

ይህን ማንሣቴ፣ ወጣቶቻችን ዛሬ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱት፣ በአነጋገራቸው ፒቪፒ የሚሉት፣ ሰው ከሰው ጋር የሚገጥምበት የምናብ ዓለም ውጊያ፣ ወጣኒውን የሚጥለው በዚያው በተናቀው ግማሽ በኩል ስለ ሆነ ነው። መነኮሳቱ የተጋድሎን መንገድ በወጣኒ፣ በማእከላዊና በፍጹም እንደ ከፈሉት፣ በዚህም ጨዋታ ማዕርግ አለ፤ ወጣኒው ግን መምታትን ለመልመድ ቀን ከሌት ሲደክም፣ መሸሽን የሚያስተምረው አያገኝም፤ ራሱም ሊማረው አይወድም፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞታል፤ ከሞተም በኋላ ስልኩን ፍራሹ ላይ ይወረውርና «ኔትወርኩ ነው የገደለኝ» ይላል። (አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።)

ነገሩን ፈጽሞ ለማያውቀው አንባቢ አንድ ጨዋታ መርጠን ብናስረዳ ይሻላል፤ የምንመርጠውም አልቢዮን ኦንላይን የተባለውን ነው። ይህን ጨዋታ በርሊን የሚገኘው ሳንድቦክስ ኢንተራክቲቭ የተባለው ኩባንያ ሐምሌ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ለኮምፒዩተር፣ ሰኔ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ለእጅ ስልክ አውጥቶታል፤ መግቢያው በነፃ ስለ ሆነና ውድ ኮምፒዩተር ስለማይጠይቅ ለእኛ አገር ወጣት ከብዙዎቹ ይልቅ ይቀርበዋል። በውስጡ እንጨት የሚቆርጥ፣ ማዕድን የሚቆፍር፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ በገበያ የሚነግድ፣ ሰይፍና አስማት ይዞ አገር የሚያቀና ሕዝብ ይኖራል፤ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ምስል በስተጀርባም አንድ ሕያው ሰው፣ ምናልባት በፖላንድ ወይም በብራዚል በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ጣቱን መስታወት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው አራዊትና ሽፍቶች ጋር ሲዋጋ የከረመ ወጣኒ መጀመሪያ ሰው ሲገጥመው የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አውሬው ትናንት ያደረገውን ዛሬም ይደግማል፤ ሰው ግን ያደባል፣ ይታገሣል፣ የፈራ መስሎ ይስባል።

የሰው ነገር የማይታመን መሆኑን ቀደም ብሎ የቀመሰ አንድ የጨዋታ ፈጣሪ አለ። አልቲማ ኦንላይን የተባለው የቀድሞ ጨዋታ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ፈጣሪው ሪቻርድ ጋሪየት፣ ሎርድ ብሪቲሽ በተባለው ንጉሣዊ አምሳሉ ዘውድ ደፍቶ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ነበር። ንጉሡን ሞት እንዳይነካው የሚያደርግ ትእዛዝ ነበረ፤ ጨዋታውን የሚያስኬደው ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ወድቆ እንደ ገና ሲነሣ ግን ጋሪየት ያን ትእዛዝ መልሶ መስጠቱን ዘነጋ፤ ሬይንዝ የሚል ስም የያዘ ተጫዋች የእሳት አስማት ቢለቅበት፣ የዚያ ዓለም ፈጣሪና ንጉሥ በገዛ ሕዝቡ መካከል ተዘርግቶ ቀረ።

ስም ካነሣን ዘንድ፣ ወደዚህ ዓለም የሚገባ ሁሉ የልደት ስሙን ትቶ የውጊያ ስም ያወጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር እየተባሉ ተፈርተዋል፣ ተወድሰዋልም። ልዩነቱ፣ በቀድሞው ሥርዓት ሰውየው በሥራው ስሙን ሲያስከብር፣ ዛሬ ገና ሰይፍ ያልጨበጠ ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያስፈራ ስም መርጦ መውጣቱ ነው።

የአልቢዮን ምድር በቀለም የተከፈለ ነው፤ ወጣኒው ከሰይፉ በፊት ይህን ካላወቀ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። በሰማያዊው ክፍል ሰላማዊ መንገደኛ አይነካም። በቢጫው የተሸነፈ ሰው ይወድቃል እንጂ የለበሰውን አይገፈፍም። በቀዩና በጥቁሩ ግን የሞተ ሰው የለበሰውም የተሸከመውም ከላዩ ይወርዳል፤ ከፊሉ ይጠፋል፣ የቀረው የአሸናፊው ምርኮ ይሆናል፤ በቀዩ ምድር ሰላማዊውን የሚያጠቃ ሰው መልካም ስሙ በጨዋታው መዝገብ ይጎድፍበታል፤ በጥቁሩ ግን ይህን የሚቆጣጠር ሕግም ዳኛም የለም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥበብ፣ ቢያጡት የማያንገበግብ ነገር ለብሶ መውጣት ነው። ዕቃዎቹ ከ1 እስከ 8 በደረጃ የተለዩ ናቸው፤ ለወጣኒ ደረጃ 4 ይበቃዋል፤ ለአንድ ውድ ጥሩር የሚያወጣውን ገንዘብ ለብዙ ርካሽ ትጥቅ ቢያውለው፣ አንዱ ሲገፈፍ ሌላውን ለብሶ ይወጣል። ወሩን ሙሉ ለፍቶ ያገኘውን ለብሶ የሚዋጋ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ በችሎታው ሳይሆን በልብሱ ዋጋ ይሸነፋል።

አሁን ወደ ውጊያው እንቅረብ። በዚህ ጨዋታ አንድ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው የለበሰው ነው፤ ስድስት ችሎታ አለው፤ ሦስቱን ከመሣሪያው፣ አንዱን ከራስ ቁሩ፣ አንዱን ከጥሩሩ፣ አንዱን ከጫማው ያገኛል፤ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ከተሠራበት በኋላ እንደ ገና እስኪዘጋጅ ሴኮንዶች ይፈልጋል። አንድ ወጣኒ የእሳት በትር ይዞ፣ ፈጣን ሩጫ የሚሰጥ ጫማ አጥልቆ ከዛፍ ሥር እንጨት ሲቆርጥ፣ ባለሰይፍ ፈረሰኛ ደርሶ ወረደበት እንበል። ወጣኒው ልቡ ስለ ደነገጠ ስድስቱን ችሎታ በአንድ ትንፋሽ ይጫናቸዋል፤ ጫማውንም ወደ ጠላቱ ለመሮጥ ያውለዋል። ባለሰይፉ ግን አልቸኮለም፤ መሬቱ ላይ የተሣለውን የእሳት ክብ አይቶ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ እሳቱ ባዶ መሬት አቃጠለ፤ አሁን ወጣኒው ባዶ እጁን ነው፤ ባለሰይፉ ግን ከስድስቱ አንዱንም አላወጣም። ከዚህ በኋላ ያለው ውጊያ ሳይሆን ቀብር ነው።

ያው ወጣኒ የማምለጥን ጥበብ ቢያውቅ ኖሮ፣ ጫማውን ከሁሉ በኋላ ያቆየው ነበር። ጠላቱ ትልቁን ምቱን እስኪያወጣ ድረስ በትናንሹ እየነካካ፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ጎን እየተራመደ፣ ድንጋይና ዛፍ በመካከላቸው እያደረገ ይጠብቃል፤ ትልቁ ምት ሲነሣ ጫማውን ተጭኖ ይርቃል፤ ምቱ አየር ሲመታ፣ ሰይፉ እስኪያርፍ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች የእርሱ ናቸው፤ ዞሮ የሚያቃጥለው ያን ጊዜ ነው። መሸሽ ነፍስ አሥረኛ እጅ ሲቀራት የሚጀመር ነገር አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የሚሸሽ ሰው ሬሳውን ሌላ ቦታ ያደርሳል እንጂ አያመልጥም፤ ነፍስ ገና ከግማሽ በላይ ሳለች፣ የጠላት ልብስ ከራስ ልብስ ጋር ተመዝኖ የማይቻል መሆኑ ሲታወቅ ነው መሄድ የሚገባው። ፈረሱም ለዚህ የተሰጠ ነው፤ ፈረስ ላይ ያለን ሰው የሚመታ ጠላት ምቱ አስቀድሞ በፈረሱ ላይ ያርፋልና፣ ሲመታ ደንግጦ መውረድ ትልቅ ስሕተት ነው። እንጨት ለመቁረጥ የወረደም ከፈረሱ አይራቅ፤ ቅርብ የቆመ ፈረስ ላይ መውጣት ጥቂት ጊዜ ሲወስድ፣ የራቀውን መጥራት ግን ረዘም ይላል፤ በዚያ መካከል ብዙ ነፍስ ጠፍቷል።

የኔትወርኩን ነገር እንመለስበታለን ብለን ነበር። ከመራዊ የተነሣ ትእዛዝ በጎረቤት አገር አልፎ፣ ወደ ባሕር ገመድ ገብቶ፣ ባሕር ማዶ ካለው ሰርቨር ደርሶ መመለስ አለበት፤ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ 6,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ ምንም ባያግደው እንኳ 60 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ እውነተኛው መንገድ ደግሞ ጠማማ ነው፣ በየጣቢያውም ይዘገያል። ስለዚህ የእኛ ተጫዋች የሚያየው ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረውን ጠላት ነው። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አልቢዮን ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካውና ከእስያው ሌላ የአውሮፓ ሰርቨር ስላለው፣ አዲስ ገቢ መጀመሪያውኑ እርሱን ይምረጥ፤ ከመረጠ በኋላ መዛወር የለምና። ሁለተኛው፣ በቅጽበት ምላሽ ላይ የቆመውን ስልት፣ ማለትም የጠላትን ምት ሊወጣ ሲል ማቋረጥን፣ ለሰርቨሩ ቅርብ ለሆኑ ልጆች ትቶ፣ አስቀድሞ በማሰብ የሚሠራውን፣ መሬት ላይ የሚተከለውንና ከሩቅ የሚወረወረውን መሣሪያ መያዝ ነው። በክልላችን በአማራ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ግን፣ ስለ ሚሊሴኮንድ መጨነቅ ራሱ ቅንጦት ነው ቢል አልፈርድበትም። እንዲሁም የእውነተኛ ተኩስ ድምፅ በጆሮው የገባ ወላጅ፣ ልጁ «ገደልሁት» እያለ ሲጮህ ቢቆጣ መብቱ ነው፤ ልጁም ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ጨዋታው አይጎድልበትም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ከጥቁሩ ምድር መጀመር ሞኝነት ነው። አምስት ለአምስት የሚገጥሙበት አሬና አለ፤ እዚያ የሞተ ምንም አያጣም። ብቻ ለብቻ መግጠም የሚወድም፣ የረከሱ ዋሻዎች ወደሚባሉት፣ በዝቅተኛው ማዕርግ፣ ዕቃው ሳይነጠቅ መግባት ይችላል። ወጣኒው በእነዚህ ቦታዎች ለማሸነፍ ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ ለመልመድ ይግባ፤ አንድ ቀን ጫማውን ማቆየት፣ ሌላ ቀን ከእሳቱ ክብ መውጣት፣ ሌላ ቀን የጠላትን ልብስ አይቶ የሚያወጣውን መገመት። ከሞተም በኋላ ከመቆጣት ይልቅ የገዳዩን ትጥቅ ይይ፤ የሟቾችና የገዳዮች መዝገብ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ ማን በምን እንደ ገደለው ተጽፎ ያገኘዋል። ገዳዩን ሰላም ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ ብዙዎቹ በደስታ ይመልሳሉ፤ ሰው ስላሸነፈበት ነገር ማውራት ይወዳልና። ማኅበር መግባት ይጠቅማል፤ ሆኖም በማኅበር ውጊያ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ፣ ሌላው ይስማ፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጮህበት ጦር ሲበተን ለማየት አንድ ምሽት ይበቃል።

ወጣኒ የመጀመሪያውን ድል ባገኘ ጊዜ የሚመጣው አደጋ ደግሞ ከሽንፈቱ የባሰ ነው። ጠላቱ ወድቋል፣ ዕቃው መሬት ላይ ተከምሯል፤ እርሱ ጎንበስ ብሎ ጥሩሩ ስንት ያወጣል፣ ድንጋዩን ልውሰድ ወይስ ልተወው እያለ ሲመርጥ፣ የራሱ ነፍስ ግን ግማሽ ላይ ናት፣ ችሎታዎቹም ሁሉ ገና አላረፉም። ከጫካው ዳር ሆነው ውጊያውን እስከ መጨረሻው ሲመለከቱ የነበሩ ሁለትና ሦስት ሰዎች የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነው፤ የሁለት ሰው ምርኮ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ተጭኖ ያገኙታል። ስለዚህ ውድ የሆነውንና ቀላል የሆነውን ሁለት ሦስት ነገር ብቻ አፍሶ፣ የቀረውን ለምድር ትቶ፣ ፈረሱ ላይ ወጥቶ በመጣበት ሳይሆን በሌላው በር ይውጣ፤ ቆጠራውን ከተማ ከገባ በኋላ፣ ባንኩ በር ላይ ቆሞ ያደርሰዋል።