«ስትመለስ ምን ትሠራለህ?»

ቴሌግራም ስከፍት የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። «ሙሉ ወጪ የተሸፈነ» የምትለዋን እና የዩሮውን መጠን እናያለን፣ ሊንኩን ለጓደኛ እንልካለን፣ አለቀ። ከታች ያለውን ዝርዝር እኔም አላነብም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ማስተርስ አመለከትኩ። ትምህርቱ ማኅበረሰብ ድርቅና ጎርፍን እንዴት ተቋቁሞ ይኖራል የሚል ነው። የደብዳቤዬ የመጀመሪያ መስመር «የአየር ንብረት ለውጥ የዓለማችን ትልቁ ፈተና ነው» ይል ነበር። አላለፍኩም። አሁን ሳነበው እኔም ብሆን አላሳልፈውም። «ኢትዮጵያ» የሚለውን አውጥታችሁ «ኔፓል» ብታስገቡበት ሌላ ምንም መቀየር አያስፈልግም።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የትምህርት ክፍያውን ችሎ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ ተማሪው ቢያንስ ሁለት አገር ይማራል። የጀርመኑ ዳድ ደግሞ ኢፖስ በሚባለው ፕሮግራሙ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ለአዲስ ተመራቂ ይሄ ያናድዳል፤ ሥራ ሳይኖር ልምድ ከየት ይመጣል? እንደገባኝ ግን የሚፈልጉት የሚመለስበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው። «ስትመለስ ምን ትሠራለህ?» የሚለው ጥያቄ ለወግ የገባ አይደለም።

የሚያስቀው፣ መልሱ እጄ ላይ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ደቡብ ወሎ፣ በሴፍቲኔት ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው፣ መሥራት የሚችሉ ቤተሰቦች እርከን እየሠሩና ኩሬ እየቆፈሩ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት ፕሮግራም። አንድ አባወራ ማሳቸው ዳር አቁመው አሳዩኝ፤ የላይኛው ጎረቤት እርከኑን ካልጠገነ የእሳቸው በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ይናዳል። ክፍል ውስጥ ኤክስተርናሊቲ ብለን ለፈተና የሸመደድነው ነገር እዚያ ጭቃ ሆኖ ተኝቷል። የላይኛው ሰውዬ የሚጠግንበትን ጉልበት ማን ይክፈል? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ክፍል ውስጥ የሚናገረው አለው። ልውውጥ ከተባለ እኛም የምንሰጠው አለን፤ የኮንሶን እርከን ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በከንቱ አይደለም።

ስለ ማመልከቻው ሁለት ነገር ልበል። እንግሊዝኛ ፈተና በዶላር ከመክፈላችሁ በፊት፣ በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ቢመጣ ይቀበሉ እንደሆነ አረጋግጡ፤ የሚቀበሉ አሉ። ሌላው ሰዓቱ ነው። የመጨረሻው ቀን «23:59» በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ከተባለ፣ በእነሱ ክረምት ለእኛ ከሌሊቱ ለ8 ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ ማለት ነው። እኔ ግን ኔትወርክ አምኜ እስከዚያ አልጠብቅም።

ዘንድሮ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ስለ ላይኛው ማሳ ነው።