በኳንተም ቴክኖሎጂ የዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ለመከታተል ለሚፈልጉ አመልካቾች

ኳንተም ቴክኖሎጂ የአቶምና የብርሃን ቅንጣቶችን ልዩ ባሕርይ ለስሌት፣ ለመረጃ ደኅንነትና ጥቃቅን ለውጦችን ለመለካት የሚያውል ዘርፍ ነው። በፊዚክስ ብቻ ሳይሆን በሒሳብ፣ በኮምፒውተር ሳይንስና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ለተመረቁም ክፍት ነው፤ ሊኒየር አልጀብራን በሚገባ ማወቅ ግን ለሁሉም ግድ ይላል።

አመልካቾች በአብዛኛው ፍለጋቸውን የሚጀምሩት ከነፃ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ነው። ይሁንና በኔዘርላንድስና በጀርመን የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ሲሆን ቦታውም እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ ይወጣል። በዴልፍት የሚገኘውን ኪውቴክን የመሰለ የምርምር ተቋም የሚቀጥረው ለተወሰነ የምርምር ሥራ ነው። ስለዚህ ለብዙዎች በአንድ ቃል ከተላከ ደብዳቤ ይልቅ የአንድን የምርምር ቡድን ጽሑፎች አንብቦ ለኃላፊው የተጻፈ አጭር መልእክት የተሻለ ተሰሚነት ያገኛል። ደመወዝ ያለው ቦታ በገንዘብ አይገዛም፤ ቦታውን አስገኛለሁ በማለት ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ሊታመን አይገባም።

በአውሮፓ በአብዛኛው የማስተርስ ዲግሪ አስቀድሞ ይጠየቃል። በአሜሪካ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ምሩቅም ለዶክትሬት ማመልከት ይችላል፤ በፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የትምህርት ክፍያውና የኑሮ ድጎማው በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የሚሸፈንበት አሠራር የተለመደ ነው። መሠረታቸውን ማጠናከር የሚፈልጉ ምሩቃን በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች ያዘጋጀውን የአንድ ዓመት የዲፕሎማ መርሐ ግብር ሊመለከቱ ይገባል።

ወደ ብሪታንያ የሚሄዱ አመልካቾች ሌላ ሊዘነጋ የማይገባ ግዴታ አለባቸው። ዘርፉ ለወታደራዊ ዓላማም ሊውል ስለሚችል ኢትዮጵያውያን ከቪዛ ማመልከቻ በፊት "አታስ" የተሰኘውን የአገሪቱን መንግሥት ፈቃድ እንዲያወጡ ይጠየቃሉ። ፈቃዱ ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ሳምንታት ስለሚወስድ የመግቢያ ደብዳቤው እንደ ደረሰ መጠየቅ አለበት።

በአገር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ጉዳይ የትምህርት ማስረጃ ነው። የወጪ መጋራት ክፍያውን ያላጠናቀቀ ምሩቅ ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት ይቸገራል። በመሆኑም አመልካቾች የማመልከቻው ጊዜ ከመድረሱ ከወራት በፊት ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጋር ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላቸውን መምህራንም በዚያው እንዲያነጋግሩ ይመከራል።