ተጨማሪ መረጃ፦ በጽሑፍ የሚነደፍ ሰርኪዩት
በነቀምቴው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የሚማር ተማሪ ዲጂታል ሰርኪዩትን ከጌት ሥዕል ይጀምራል። ጌቶቹ ሲበዙ ግን ሥዕል አያዛልቅም፤ ሰርኪዩቱን በጽሑፍ የሚገልጹት ቬሪሎግና ቪኤችዲኤል የሚያስፈልጉት ያኔ ነው። ቪኤችዲኤል በ1987 እ.ኤ.አ. የአይትሪፕልኢ ደረጃ ሆኗል።

ከሲ ቋንቋ የመጣ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ሬጅስተሮችን ሀ እና ለ ብንላቸው፣ በቬሪሎግ «ሀ <= ለ; ለ <= ሀ;» ተብሎ በአንድ የክሎክ ምት ሥር ሲጻፍ ዋጋቸውን ይለዋወጣሉ። በሲ «ሀ = ለ; ለ = ሀ;» ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም የ«ለ»ን ዋጋ ይይዙ ነበር። የቬሪሎጉ መስመሮች በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ሳይሆኑ አብረው የሚሠሩ የሰርኪዩት ክፍሎች ናቸው።

ለመለማመድ የተነደፈው ሰርኪዩት የሚጫንበትን የኤፍፒጂኤ ቦርድ መግዛት የግድ አይደለም። ኢካረስ ቬሪሎግና ጂኤችዲኤል የተባሉት ሲሙሌተሮች በነፃ ይገኛሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ጊምቢም ሆናችሁ ሻምቡ፣ ባለ 4 ቢት ቆጣሪ ጽፋችሁ ሞክሩ።